ባለ አንድ ማዞሪያ

«እሱ ላይ አትቀመጪ ልጄ፣ አንዱ እግሩ አጭር ነው» አላት አናጢው። «ሰባተኛ ክፍሎች ናቸው እየተወዛወዙ የሰበሩት። ጠግኜዋለሁ ብዬ ነበር፤ ግን ያው እንደምታይው ነው። ወዲህ ነይ።»

ተነሥታ ወደሚቀጥለው አግዳሚ ተዛወረች። ግቢው ውስጥ የተደረደሩት አግዳሚዎች ሁሉ ከትምህርት ቤቱ የመጡ ናቸው። ተማሪዎቹ በቀብሩ ዕለት ለሁለት ለሁለት እየተሸከሙ አምጥተዋቸዋል። አሁን ለልጅ ቁመት በተሠሩት መቀመጫዎች ላይ ሽማግሌዎች ጉልበታቸውን እስከ ደረታቸው አጥፈው ተቀምጠው ወንድሟን ያለቅሳሉ። እሷ በተቀመጠችበት ጠርዝ ላይ አንድ ተማሪ በምስማር ጭሮ የጻፈው ይነበባል፦ «ቲቸር ሌንስ፣ ፈተና አታክብድብን።»

ሌንስ የወንድሟ ቅጽል ስም ነው። ጽሑፉን በመዳፏ ሸፈነችው።

ቀብሩ ላይ አልደረሰችም። ከዋና ከተማው እስከዚህ መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጃል። በመጀመሪያው ቀን ከምሳ በፊት አስፋልቱ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ አቧራና ጠጠር ብቻ ነው። ያን ሁሉ መንገድ አንድ ካርቶን ጭኗ ላይ አቅፋ መጣች። የአውቶቡሱ ረዳት «ላይ እንጫነው እናቴ» ቢላት እምቢ አለች። ስትደርስ ግቢው ውስጥ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ተቀበላት፤ እናቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ካርቶኑን ማን ከእጇ እንደወሰደው እንኳ አላየችም። አሁን ጓዳ ውስጥ፣ ከእናቷ አልጋ ሥር፣ በካፖርቷ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ምን እንደሆነ የጠየቃት የለም። ልብስ መስሏቸዋል።

አንዲት ጎረቤት ፔርሙዝ ይዛ በአግዳሚዎቹ መካከል እያለፈች ቡና ትቀዳለች። ሰው የቡናውን ስኒ ሲቀበል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ ይበልጥ ይሰማል።

«ትርፍ አንጀት ነው አሉ።»

«ትርፍ አንጀት ሰው ይገድላል እንዴ?»

«እዚህ ይገድላል።»

«እዚያ ዋና ከተማ እኮ ጠዋት ቀደው ማታ ሾርባ ያጠጣሉ። የአጎቴ ልጅ ነግሮኛል።»

«ተይ፣ እህቱ ትሰማለች።»

ሰምታለች። የሆነውን ደግሞ ትናንት የወንድሟ ሚስት አንድ በአንድ ነግራታለች። ሰኞ ሆዱን አመመው፤ እሱ ግን ክፍል ገባ። ማክሰኞ ጤና ጣቢያው አየውና ሪፈር ጻፈለት። ቀዶ ጥገና የሚሠራው ሆስፒታል የዘጠኝ ሰዓት መንገድ ነው። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ሄዶ ነበርና እስኪመለስ ተጠበቀ። ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ሆስፒታሉ ሊደርሱ ሁለት ሰዓት ሲቀራቸው፣ ሕመሙ ለቀቀው። «ተሻለኝ» አለ። ሚስቱ የተሻለው መስሏት «እንመለስ ይሆን?» ብላ ሾፌሩን ጠየቀችው። ሕመሙ የለቀቀው አንጀቱ ፈንድቶ እንደሆነ ማንም አልነገራትም ነበር።

*

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንዲት ወጣት ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ከሥራ መጣች። የጤና ጣቢያው የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። እናትየውን አቅፋ አለቀሰችና አናጢው አጠገብ ተቀመጠች።

«ደሙን ያየሁት እኔ ነኝ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ነጭ የደም ሴሎቹን ቆጠርኩ። ትክክል አልመሰለኝም፤ ደግሜ ቆጠርኩ። ቲቸር ፊቴን እያየ 'ስንት መጣ?' አለኝ። ዝም ስለው 'እንዳልሳሳት ብለሽ ሁለቴ ቆጠርሽ አይደል? ጎበዝ' አለኝ። ታሞ እንኳ ማርክ ይሰጣል።»

የሳቁም ያለቀሱም ነበሩ። አናጢው ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«በየትኛው እጅሽ ነው ያዞርሽው?» አላት።

«ኧረ ይተዉኝ ጋሼ!»

«ንገሪያቸው እንጂ። እህቱም ትስማ።»

ወጣቷ ወደ እሷ ዞረች። «ኮሌጅ የገባን ጊዜ ነው እትዬ። ከዚህ ትምህርት ቤት አራት ነበርን። የመጀመሪያ ቀን ላብ ገብተን ማይክሮስኮፕ ፊት ተቀመጥን። አራታችንም እኩል ግራ እጃችንን ሰደድን። አስተማሪው አየንና 'ግራኝ ናችሁ?' አለን። 'አይደለንም።' 'ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው? ከእናንተ አገር ሰው ሁሉ በግራ ነው እንዴ የሚሠራው?' ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ማይክሮስኮፕ በሁለቱም ጎን ማዞሪያ አለው፤ የኛ ግን በግራ በኩል ብቻ ነበር። ሦስት ዓመት በዚያ ለምደን እጃችን አልሰማ አለ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ አናጢው፣ ኩራትም ኀፍረትም በተቀላቀለበት ድምፅ። «ከዛፍ ግንድ ጠርቤ የሠራሁት እኔ ነኝ። ቲቸር ሥዕል አምጥቶ 'ጋሼ ይህን ሥራልኝ' አለኝ። ሥዕሉ ከአንድ ጎን የተሣለ ነው። ያየሁትን ሠራሁ። ከወዲያ በኩል ምን እንዳለ ማን ነገረኝ? ሠርቼ ስሰጠው ዙሪያውን አየና ሳቀ። 'አንድ ማዞሪያ ጎድሎታል' አለኝ። 'አምጣው ላስተካክለው' ብለው እምቢ አለ። 'ተወው ጋሼ፣ እህቴ የሣለችው ነው' አለ።»

እህትየው ስኒዋን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች።

ሥዕሉን ረስታው ነበር። አሁን ግን ወንበሩን ሳይቀር አስታወሰችው። ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ዋና ከተማ ያለው አጎታቸው «አንድ ልጅ ላኩልኝ፣ አንድ አልጋ አለኝ» ባለ ጊዜ አባታቸው ለሁለት ቀን አሰበበትና «ታላቅየዋ ትሂድ» አለ። በትምህርት የሚበልጠው ታናሽየው እንደሆነ ቤቱ በሙሉ ያውቃል። እሱ ግን ሻንጣዋን እስከ መናኸሪያው ተሸከመላት። በመስኮቱ በኩል «ያየሽውን ሁሉ ጻፊልኝ እትዬ» አላት። በመጀመሪያው ደብዳቤው ማይክሮስኮፕ የሚባል ነገር አይታ እንደሆነ ጠየቃት። «ምን ይመስላል? ሣይልኝ።» በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ቀረችና፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ሣለችለት። ዞራ ብታየው ሦስት እርምጃ ነበር። ጓደኞቿ ውጭ ይጠብቋት ስለነበር ቸኮለች።

«እኛ ደግሞ እንጠይቀው ነበር» አለች የላብራቶሪ ባለሙያዋ። «'ቲቸር፣ ሁለተኛው ማዞሪያ የት ሄደ?' ስንለው 'እሱ ዋና ከተማ እህቴ ጋ ቀርቷል፣ ትልከዋለች' ይለን ነበር።»

ሰው ሁሉ በፍቅር ወደ እሷ ዞሮ አየ። እሷ መሬት መሬት አየች።

*

በነጋታው ከሰዓት የወንድሟ ሚስት ወደ ጓዳ ጠራቻት። አልጋው ላይ የእንጨቱ ማይክሮስኮፕ ተቀምጧል፤ ተማሪዎቹ ናቸው ከትምህርት ቤት ያመጡት። ከነካው እጅ ብዛት ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል። ከአናቱ የአባታቸው የድሮ መነጽር አንዱ መስተዋት ተገጥሞበታል። ከሥሩ ስንጥቅ አለው። እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ክብ ወረቀት ይሰካል፤ ወረቀቱ ላይ ተማሪዎቹ ሊያዩት የሚገባው ነገር በቀለም ተሥሏል።

«እነዚህም አብረው መጥተዋል» አለች ሚስቲቱ፣ የብስኩት ቆርቆሮ እየከፈተች። «ታዪያቸው እንደሆነ ብዬ ነው።»

ቆርቆሮው የሻይ ብርጭቆ አፍ በሚያክሉ ክብ ወረቀቶች ተሞልቷል። አንድ በአንድ አነሣቻቸው። የሽንኩርት ልጣጭ ሕዋስ፣ እንደ ጡብ የተደረደረ። የደም ሕዋስ። የኩሬ ውኃ ውስጥ የምትዋኝ ባለ ጭራ ነገር፤ ከጎኗ በትንሹ «እንቅስቃሴዋን በሐሳባችሁ ጨምሩበት» ተብሎ ተጽፏል። ሳቋ መጣባት። ወረቀቱን ገለበጠችው።

ከጀርባው የታተመ ጽሑፍ አለው። ክቡ ግራና ቀኙን ቆርጦታል፤ መካከሉ ግን ይነበባል፦ «...ራሱን የቻለ የቤተ ሙከራ ክፍል ስለሌለው መስፈርቱን አያሟ...»

ሌላ ገለበጠች። የማኅተም ሩብ። ሌላ። ጅራቱ ረጅም የሆነ ፊርማ፣ ጅራቱ ተቆርጦ።

የራሷ ፊርማ ነው።

የትምህርት መሣሪያዎችን በሚያከፋፍለው መሥሪያ ቤት የስርጭት ክፍል ኃላፊ ከሆነች ስድስት ዓመቷ ነው። በየዓመቱ ከየአካባቢው የሚመጣ ጥያቄ ጠረጴዛዋ ላይ ይከመራል። መስፈርቱን እሷ አላወጣችውም፤ ስትገባ ያገኘችው ነው። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት መሣሪያ አይሰጠውም። ቤተ ሙከራ የሚሠራው ሌላው መሥሪያ ቤት ደግሞ መሣሪያ ለሌለው ትምህርት ቤት ክፍል አይሠራም። ስለዚህ ዋና ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ዙር ሲወስድ አይታለች፤ መስፈርቱን ያሟላልና። የወንድሟ ትምህርት ቤት ጥያቄ ሲደርሳትም አይታዋለች። የእጁን ጽሕፈት ታውቀዋለች። የወንድሜ ነው ብዬ ላሳልፈው? አለችና ራሷን ታዘበች። ለስንቱ የሌላ ሰው ወንድም «አይሰጥም» ብላ ፈርማ የለ። ፈረመች። በዚያን ቀን የተሰማት ነገር እንዲያውም ንጽሕና ነበር።

ስልክ ሲደውል አንድም ቀን ደብዳቤውን አላነሣም። «ልጆቼ እንዴት ናቸው እትዬ?» ይላታል፤ መጋዘን ውስጥ ያሉትን ካርቶኖች ማለቱ ነው።

«ተኝተዋል።»

«በይ አትቀስቅሻቸው።»

ይስቃሉ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሷው ናት የጀመረችው፣ «መስፈርት ነው እኮ፣ የወንድሜ ስለሆነ ብዬ ባደርገው...» ስትል አቋረጣት። «አውቃለሁ። አንቺ ቀጥ ያልሽ ሰው ነሽ። እማ ምን እንዳለች ልንገርሽ?» አለና ወሬ ለወጠ።

ሚስቲቱ ክቦቹን አንድ በአንድ ወደ ቆርቆሮው ትመልሳለች። «የእህቴ መሥሪያ ቤት ወረቀት ወፍራም ነው፣ ቀለም አያሳልፍም ይል ነበር» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቢኖር ይሻል ነበር። «አምቶሽ አያውቅም እትዬ። እኔ ግን ሁለት ሦስቴ አምቼሻለሁ።»

«እማስ?»

«እማማ አታውቅም። 'መንገድ ላይ ነው' ይላታል በየዓመቱ። እሷም 'ልጄ ልካለች' እያለች ለጎረቤት ታወራለች።» ከዚያ ወደ አልጋው ሥር አየች። «ካርቶኑ ምን እንደሆነ ጽሑፉን አንብቤያለሁ። ብታወጪው ደስ ይላታል። ሌላውን እኔ አልናገርም። እንዳሻሽ።»

*

ያን ቀን ሲመሽም፣ ሲነጋም ያሰበችው ይህንኑ ነው። ካርቶኑን ማውጣት ብቻ ይበቃል። አንድም ቃል መዋሸት የለባትም። ወንድሟ ውሸቱን አስቀድሞ አዘጋጅቶላታል፤ እሷ ውስጡ ገብታ መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅባት። እናቷ አንድ ልጇን ቀብራለች። የቀረችውን ለምን ትንጠቃት?

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ተማሪዎቹ አግዳሚዎቹን ሊወስዱ መጡ። ነገ ትምህርት ይጀመራል። ሰው እስኪነሣላቸው አፍረው በአጥሩ ሥር ተኮልኩለው ቆሙ። ያን ጊዜ ጓዳ ገብታ ካርቶኑን አቅፋ ወጣች፤ እናቷ ፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ፣ ጠዋት ከጓዳ ከወጣው የእንጨት ማይክሮስኮፕ አጠገብ አስቀመጠችው።

እናትየው በካርቶኑ ላይ የታተመውን ሥዕል አየች። ማንበብ አትችልም፤ ሥዕሉን ግን ታውቀዋለች። ለዓመታት ልጇ በየክረምቱ እንጨቱን ቤት ሲያመጣው ስትወለውለው ኖራለች።

«አላልኳችሁም?» አለች፣ ቆማ። ከቀብሩ ወዲህ ድምፅዋ እንዲህ ከፍ ብሎ አያውቅም። «መንገድ ላይ ነው አላልኳችሁም? ሰው ይስቅብኝ ነበር! ይኸው! ምን ያደርጋል፣ እሱ አላየው...»

«ተባረኪ ልጄ» አሉ ከአግዳሚው። «እህት ማለት ይች ናት።»

«እማ» አለች። «መንገድ ላይ አልነበረም።»

«ምን?»

«አልላክሁትም። እሱ በየዓመቱ ይጠይቃል፤ ለስድስት ዓመት 'አይሰጥም' ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤዎቹ ከነፊርማዬ አሉ። እሱ ነው መንገድ ላይ ነው እያለ የሸፈነልኝ።»

ፔርሙዝ የያዘችው ጎረቤት ባለችበት ቆመች። አናጢው ኮፍያውን አወለቀ።

«አልነበረም ማለት ነው ዕቃው?» አለች እናቷ ቀስ ብላ።

«ነበረ። መጋዘን ሙሉ ነበረ።»

«ታዲያ ይኼኛው እንዴት ተገኘ?»

«መሞቱን የነገሩኝ ጊዜ መጋዘን ወርጄ፣ ፈርሜ አወጣሁት።»

«ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?»

«ሩብ ሰዓት።»

እናቷ ተመልሳ ተቀመጠች። እጆቿ ጭኗ ላይ ሆነው አንዱ ሌላውን ፈለገና ያዘው። «መጋዘን ሙሉ እንደነበረ እሱ ያውቅ ነበር?» አለች።

«ያውቅ ነበር።»

ከአጥሩ ሥር አንዲት ተማሪ አስነጠሳትና በእጇ አፈነችው። እናትየው ድምፁን ሰምታ ወደ ልጆቹ አየች፤ ስታያቸው ቆየች። ከዚያ ልጇን ሳታይ፦

«ክፈችው እንግዲህ» አለች። «ልጆቹ ቆመዋል።»

ካርቶኑን አናጢው በቢላው ቀደደው። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ከጓዳ ሽንኩርት አስመጥታ ከልጣጩ ሥር ያለውን ስስ ነገር ገፈፈች፤ ከካርቶኑ የወጣ ስስ ብርጭቆ ላይ ዘረጋችው፤ አንድ ጠብታ ውኃ ጨመረችበት። ጠረጴዛውን ወደ ፀሐይ አዞሩት። ተማሪዎቹ ተሰለፉ። የመጀመሪያዋ ልጅ ተቀምጣ አንድ ዓይኗን ጨፈነችና ግራ እጇን ሰደደች። ሁለተኛውም ግራውን። አናጢው ከጎን ቆሞ በቀኝ በኩል ያለውን ማዞሪያ በጣቱ ነካ ነካ እያደረገ «ለካ እንዲህ ነሽ» ይላታል።

«ቲቸር እንደሣለው ነው!» አለ አንዱ ልጅ ቀና ብሎ። «ልክ እንደሱ! ጡብ ጡብ!»

የወንድሟ ሚስት አየች። እናትየው ደግፈዋት መጥታ አጎንብሳ አየች፤ ምን እንዳየች አልተናገረችም፤ ግን ቶሎ አልተነሣችም። ስትነሣ በልጇ አጠገብ አለፈችና ወንበሩን በእጇ አሳየቻት።

እሷም ተቀመጠች። ስታይ ሁሉ ነገር ብዥ ያለ ብርሃን ነበር። ዓይኗ ይሁን መስተዋቱ አላወቀችም። ቀኝ እጇ፣ ድሮ ዋና ከተማ በተማረችበት ክፍል ውስጥ እንደለመደው፣ በራሱ ተነሥቶ ማዞሪያውን ያዘ። ያዘና ቆመ። ከማዞሪያው ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ መለሰችው። ግራዋን ዘረጋች፤ እንደማያውቅ ሰው ጥቂት ዳበሰች፤ አገኘችውና ቀስ አድርጋ ማዞር ጀመረች።